መጀመሪያ ልጁን መዝኚ፣ ከዚያ ስለ ቧንቧው ጠይቂ

ባለፈው ወር ሜልበርን ፉትስክሬይ፣ አንድ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ ጠጋ አለችኝና «ሲስተር፣ ኮንትራት ፈርሜ ወደ መሀል አውስትራሊያ ልሄድ ነው። የሕፃናት ተቅማጥ ይበዛል አሉኝ። ምን ልወቅ?» አለችኝ። አቦል ላይ ጀምሬ በረካው ተጠጣ፤ ወሬዬ ግን አላለቀም። «ቀሪውን እጽፍልሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ይኸው። «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው ለእሷ ስለሆነ ነው። ሌሎቻችሁም፣ በተለይ ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ያለ፣ የምትወስዱት አታጡም።

አገር ቤት ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አተት የገባ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሳነጋ ከርሜአለሁ። እዚህ ደግሞ በአሊስ ስፕሪንግስ ዙሪያ ባሉ የአቦርጂናል መንደሮች መመላለስ ከጀመርኩ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ስሄድ «ተቅማጥማ ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው» ብዬ ነበር። አዲስ ሆኖ አገኘሁት።

አሊስ ስፕሪንግስ ከዳርዊን 1500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንደሮቹ ደግሞ ከአሊስ ስፕሪንግስ ሁለት መቶም አምስት መቶም ኪሎ ሜትር ወጣ ብለው በቀይ አፈር ላይ ተበትነዋል። ክሊኒኩ ውስጥ ሁለት ወይ ሦስት ነርስ፣ አንድ ሾፌር፣ ዕድለኛ ከሆንሽ አንዲት የአቦርጂናል ጤና ባለሙያ ታገኛለሽ። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ውስጥ ነው። የምትሠሪው «ካርፓ» በሚሉት የሕክምና መመሪያ ነው፤ ከመሄድሽ በፊት የተቅማጡን ክፍል ሁለቴ አንብቢው። እኔ የምነግርሽ እዚያ የተጻፈውን ደግሜ አይደለም። መጠንና ልክ ላይ ከእኔ ጋር ከተለያየ እሱን እመኚ።

የክትባቱ ቀን አይጠብቅሽም

ተቅማጥ አምጪው ብዙ ነው። ሮታቫይረስ አለ፣ ሺጌላ አለ፣ ሳልሞኔላ፣ ጃርዲያ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ የአንጀት ትል። ከእነዚህ ውስጥ በሕፃናቱ መደበኛ ክትባት የተካተተው የሮታ ብቻ ነው። ቫይረሱን በ1973 ያገኙት ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የት ብትይ እዚሁ ሜልበርን፣ ተቅማጥ ይዟቸው ሆስፒታል ከገቡ ሕፃናት አንጀት በተወሰደ ናሙና። ኖርዘርን ቴሪቶሪ ክትባቱን በኦክቶበር 2006 ጀመረ። የቀረው አውስትራሊያ በጁላይ 2007 ተከተለ። እኛ አገር የገባው በ2013 ነው፣ ይህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር።

አሁን ልብ በዪ። ክትባቱ በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው፣ ሁለት ዙር። የመጀመሪያው ልጁ 15 ሳምንት ሳይሞላው፣ ሁለተኛው 25 ሳምንት ሳይሞላው መሰጠት አለበት። ካለፈ አለፈ፤ እንደ ሌላው ክትባት በኋላ አይካካስም። ምክንያቱ አንጀት በአንጀት ውስጥ የመግባት ችግር ነው። አደጋው ትንሽ ቢሆንም ዕድሜው ሲገፋ እንዳይጨምር ስለሚፈራ በሳምንት ተገድቧል።

መንደር ውስጥ ደግሞ ቤተሰብ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሰው ሲሞት ሁሉም ተጠራርቶ ወደ ለቅሶው ይሄዳል፣ ሳምንታት ይቆያል። እኛ ለቅሶ እንደምንቀመጠው ማለት ነው፣ ግን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ። ስለዚህ ክሊኒክ በገባሽበት ቀን፣ ሻንጣሽን ሳትፈቺ፣ ከስድስት ወር በታች ያሉትን ልጆች ዝርዝር አውጪ። የማን ቀን ሊያልፍ ነው? በጠዋት ከሾፌሩ ጋር ወጥተሽ ፈልጊው። ክትባቱ ከባዱን ሕመም ይቀንሳል እንጂ ልጁ ጨርሶ አያስቀምጠውም ማለት አይደለም። ሆኖም ለሊት በአውሮፕላን የምትሸኚው ልጅ ቁጥር ላይ ልዩነቱን ታይዋለሽ።

በር ላይ ሲደርሱ

እኔ አገር ቤት የለመድኩት የጥያቄ ጥድፊያ ነበር። «ስንት ጊዜ ወጣው? መቼ ጀመረው? ምን በላ?» እዚህ በዚህ ከጀመርሽ በሩ ይዘጋብሻል። እናትየዋ መሬት መሬት እያየች «ያስ» ትልሻለች። ያ «ያስ» የእኛ «እሺ» ነው። እሺ ብሎ የሄደ ሰው ሁሉ እንዳልተስማማ አንቺም ታውቂዋለሽ። አጠገቧ ተቀመጪ። ዐይኗ ላይ አትፍጠጪ። ጥያቄ ጠይቀሽ ዝም በዪ፣ ዝምታው ይርዘም። መልሱ የሚመጣው አንቺ ተስፋ ቆርጠሽ ሌላ ልትጠይቂ ስትይ ነው።

ልጁን ይዛ የመጣችው ወላጅ እናቱ ላትሆን ትችላለች። የእናት እህትም እናት ናት። አያትየዋ ቤት ውስጥ ካለች ደግሞ የሚወሰነው በእሷ ነው። ስለዚህ ምክርሽን ለወጣቷ ብቻ ነግረሽ አትሸኚ። አያትየዋ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ከሆነ ሄደሽ መኪናው ጋ ንገሪያት።

የስም ነገርም አለ። የሞተ ሰው ስም አይጠራም። አንድ ሽማግሌ ከሞቱ የእሳቸው ሞክሼ የሆነው ሕፃን ሌላ ስም ይወጣለታል። አገራችን ከምባታ ውስጥ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም እንደማትጠራው አድርገሽ አስቢው። ለሥራሽ የሚመለከትሽ ይህ ነው፦ ፋይሉን በስም ብቻ ፈልገሽ «የለም» አትበዪ። በልደት ቀንና በእናቱ በኩል ፈልጊ። የመጨረሻ ክብደቱ እዚያ ነው ያለው፤ ያለ እሱ ግማሽ ዕውር ነሽ።

ለምን ቢሉ፣ የውሃ ማጣትን ከክብደት የበለጠ የሚነግርሽ ነገር የለም። ልብሱንና ዳይፐሩን አውልቀሽ መዝኚ። ባለፈው ሳምንት 10 ኪሎ የነበረ ልጅ ዛሬ 9.3 ከሆነ 700 ግራም ጠፍቷል፤ ከመቶ ሰባት ማለት ነው። ከአምስት በታች ቀላል፣ ከአምስት እስከ አሥር መካከለኛ፣ ከአሥር በላይ ከባድ። ከዚያ ሌላውን ታያለሽ። ዐይኑ ጎድጉዷል? ምላሱ ደርቋል? ሲያለቅስ እንባ አለው? እርግብግቢቱ ሰርጉዷል? የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠሽ ስትለቂው ቶሎ ይመለሳል? እጅና እግሩ ቀዝቅዟል? የሽንት ነገር አስቸጋሪ ነው፤ ሰገራው ራሱ ውሃ ስለሆነ ዳይፐሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። «ሸንቷል» ሲሉሽ ቶሎ አትመኚ።

ተቅማጥ የሌለበት ትውከት ብቻውን ከመጣ አንጀት ነው ብለሽ አትዝጊው። ሽንት መርምሪ፣ አንገቱን እዪ። አረንጓዴ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ መለስ ቀለስ እያለ የሚያስጮኸው የሆድ ቁርጠት፣ እንዲሁም ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ፣ እነዚህን ይዘሽ ለብቻሽ አትወስኚ። ስልኩን አንሺ።

የእኔ ስህተት

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ኮንትራቴ፣ ሁለተኛ ሳምንት። ዓመት ከሁለት ወር የሆናት ልጅ፣ ቀላል ተቅማጥ፣ ነቃ ያለች። ለእናትየዋ አምስት ፓኬት ኦአርኤስ ሰጠሁና «አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጪ» አልኳት። ሳላስብ፣ እንደ ጸሎት፣ ስድስት ዓመት ስለው የኖርኩት ነው። አገር ቤት የምናውቀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ነው።

የአውስትራሊያው ጋስትሮላይት አንዱ ፓኬት ለ200 ሚሊ ሊትር ነው።

በእኔ ምክር ብትሄድ አምስት እጥፍ የቀጠነ ነገር ልታጠጣት ነበር። ጨው የሌለው ውሃ ማለት ነው። ልጅ እያስቀመጠው ባዶ ውሃ ብቻ ከጠጣ የደሙ ጨው ይወርዳል፤ ያ ደግሞ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። ያዳነችኝ የአቦርጂናል ጤና ባለሙያዋ ናት። ሰው ፊት አላረመችኝም። እናትየዋ ስትወጣ ተከትላት ወጣች፣ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር አወራቻት፣ ተመልሳ ፓኬቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ጽሑፉ ትንሽ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ አይታየኝም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከየት ይመጣል? ጽሑፉን አነበብኩት። ፊቴ ጋለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማደርገውን ልንገርሽ። ቤት ውስጥ መለኪያ የለም ብለሽ ጀምሪ። ያለው የሱቅ የውሃ ጠርሙስ ነው፣ 600 ሚሊ ሊትሩ። ሦስት ፓኬት በአንድ ጠርሙስ ልክ ይገባል። ጠርሙሱን ክሊኒክ ውስጥ አብረሽ በጥብጪ። እሷ ትቅደደው፣ እሷ ታፍስሰው፣ አንቺ እዪ። ላዩ ላይ በማርከር ሦስት ፓኬት ሳዪና ቀኑን ጻፊ። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። አገር ቤት ፓኬት ሲጠፋ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ብለን እናስተምር ነበር። እዚህ ያን አትጀምሪ። ክሊኒኩ ፓኬት ሞልቶታል፣ በማንኪያ ጨው ሲሰፈር ደግሞ ስህተት ቀላል ነው።

በሲሪንጅ፣ በሦስት ደቂቃ አንዴ

ልጁ ጠምቶታል፣ ጠርሙሱን ብትሰጪው በአንዴ ይጨልጠዋል፣ ወዲያው ያስመልሰዋል፣ እናቱም «አልሆነለትም» ብላ ትተወዋለች። ይህን መቶ ጊዜ አይቻለሁ። መፍትሔው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ኪሎ በሰዓት 10 ሚሊ ሊትር። 9 ኪሎ ልጅ በሰዓት 90 ይፈልጋል። በ5 ሚሊ ሲሪንጅ 18 ጊዜ፤ በየሦስት ደቂቃው አንዴ ማለት ነው። ሲሪንጁን በጉንጩ በኩል አድርገሽ ቀስ እያልሽ ግፊ እንጂ ጉሮሮው ላይ አትርጪ። ቢያስመልስ አሥር ደቂቃ ጠብቂና እንደገና ጀምሪ። ካስመለሰውም የተወሰነው ወደ ውስጥ ገብቷል። ትውከቱ ካስቸገረ ኦንዳንሴትሮን አለ፣ አንድ ጊዜ፣ በክብደት፣ መመሪያውን አይተሽ።

አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ በየሦስት ደቂቃው መስጠት አሰልቺ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከነርሶች ይልቅ አያቶች ይችሉበታል። አንዲት አያት አውቃለሁ፤ ሰዓት የላቸውም፣ ዘፈን አላቸው። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ሲሪንጅ። እኔ በስልኬ ሰዓት ቆጥሬ አየኋቸው፣ ልዩነቱ ሰከንዶች ነው።

የሚጠባ ልጅ መጥባቱን አያቁም፤ እንዲያውም ይጨምር። ምግብ አትከልክዪ። ኮርዲያል፣ ኮካ፣ ጭማቂ፣ የስፖርት መጠጥ የሚሉትን ግን አስቁሚ። ስኳሩ አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ይህን ስትነግሪ ተጠንቀቂ። ሱቁ ውስጥ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ በበጋ ደግሞ ከቧንቧው ትኩስ ሆኖ ይወጣል። የበጠበጥሽውን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዢላቸው፤ ወይም በረዶ አድርገሽ አስልሺው። ልጅ በረዶ እምቢ አይልም። ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት ለልጅ አይሰጥም፣ ጨርሶ። አንቲባዮቲክም ለተራው ተቅማጥ አይደለም። ዚንክ አገር ቤት ከኦአርኤስ ጋር አብረን እንሰጥ ነበር፤ እዚህ በልማድ አትስጪ፣ መመሪያው የሚለውን እዪ።

አያትየዋ «ንጋንካሪ ጋ እንውሰደው» ካሉ አትከራከሪ። ባህላዊ ሐኪም ናቸው፣ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ነው የሚያክሙት። እኛ አገር «ጥርስ ሊያበቅል ነው» እየተባለ ድዱን ሲያስነቅሉት፣ እንጥሉን ሲያስቆርጡት እንደነበረው ዓይነት ጉዳት የለውም። «ይሂድ፣ ሲሪንጁና ጠርሙሱ አብረውት ይሂዱ» በዪ። ተግባብተን ነው የምንለያየው።

አንገቱን መሸከም ያቃተው ልጅ

እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ አንብቢ። አገር ቤት ልምዴ ያልነገረኝ፣ መመሪያው ደጋግሞ የሚለው ነገር አለ። የእነዚህ መንደሮች ልጆች በተቅማጥ ሲጎዱ የደማቸው ፖታሲየም በጣም ይወርዳል፣ ደማቸውም አሲድ ይበዛበታል። ምክንያቱ የዛሬው ተቅማጥ ብቻ አይደለም። በተደጋጋሚ ሲታመም የኖረ አንጀት ውስጡ ይላላጣል፤ ምግብ አይመጥም፣ የወተት ስኳርም አይፈጭም። ልጁ ውሃ ተሰጥቶት የዳነ ሲመስል ይልፈሰፈሳል።

አንድ ወንድ ልጅ ነበር፣ ዓመት ከምናምን። አራተኛ ቀኑ ነው። ምላሱ እርጥብ፣ ዐይኑ ብዙም ያልጎደጎደ። «ደህና ነው» ልል ስል የአያቱ ጭን ላይ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ሲያቅተው አየሁ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ክሊኒኮቹ ውስጥ አይ-ስታት የምትባል ትንሽ የደም መመርመሪያ አለች፤ ጥቂት ጠብታ ደም ትበቃታለች። ፖታሲየሙ 2 አልሞላም። እንዲህ ያለው ልብን ያቆማል። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፣ አውሮፕላን ተጠራ።

ስለ አውሮፕላኑ ካነሳሁ አይቀር። የንጉሣዊው በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ከ1928 ጀምሮ የሚሠራ ነው። በራሪ ሐኪም ስትዪ ወዲያው የሚደርስ እንዳይመስልሽ። ጠርተሽ ሰዓታት ትጠብቂያለሽ። ለሊት ከሆነ አንድ ሰው በመኪና ማረፊያውን ከዳር እስከ ዳር ነድቶ ካንጋሮና ግመል ማባረር አለበት። ስለዚህ ልጁ እስኪብስ አትጠብቂ። ሰዓቱን ወደ ኋላ ቆጥረሽ አስቢ፦ ሲጨልም ምን ይመስላል? ልጁ ከባድ ከሆነ፣ ስኳሩን ለኪ፣ በደም ሥር ፈሳሽ ልትሰጪ ስትይ ሥሩ እምቢ ካለሽ አጥንት ውስጥ የሚገባውን መርፌ ተጠቀሚ፣ ብዙ አትሞክሪ። ለመካከለኛው የአፍንጫ ቱቦ ከደም ሥር ይሻላል፣ ያው ኦአርኤስ ነው የሚገባው። አብራው የምትሄደውን እናት ደግሞ ቶሎ ወስኚ። የምታጠባው ሌላ ልጅ አላት? ስልኳ ባትሪ አለው? ጃኬት ይዛለች? ለዚህች ጥያቄ ጊዜ የሚሰጥ ጥቂት ነው፤ አሊስ ስፕሪንግስ በክረምት ለሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ልጁ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ወፍሮ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ተቅማጡ ከቀናት በላይ ከቀጠለ፣ ሰገራው አረፋማና ኮምጣጣ ሽታ ያለው ከሆነ፣ መቀመጫው ቀልቶ ከተላጠ፣ የወተት ስኳር ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ጡጦ የሚጠባው ለጊዜው ላክቶስ የሌለው ወተት ይሰጠዋል፤ የእናት ጡት ግን አይቆምም። ሆዱ የሚነፋና ፖታሲየሙ የሚወርድ ልጅ ላይ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለውን ትልም አስቢ። ከአፈር በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው። ሰገራ ላኪ።

ከዚያ ቤቱ

አንዲት ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣችብኝ። እናቷ ሁሉንም በትክክል ታደርጋለች። በጠርሙስ፣ በሲሪንጅ፣ በሰዓቱ። ሦስተኛው ላይ ተናደድኩና፣ በማን እንደሆነ እንጃ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ሦስት መኝታ ቤት፣ አሥራ አራት ሰው። ሽንት ቤቱ ተደፍኗል። የልብስ ማጠቢያ ገንዳው ውታፍ የለውም፤ ውሃ አይይዝም፣ ሕፃን አይታጠብበትም። የሙቅ ውሃው ቧንቧ በኖራ ታንቋል፤ የበረሃው የከርሰ ምድር ውሃ እንደዚያ ነው፣ ብረት ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። እኔ ለዚህች እናት በሦስቱም ቀን «እጅሽን በሳሙና ታጠቢ» ብያት ነበር። እሷም «ያስ» ብላኝ ነበር።

ይህን ከእኔ በፊት ያዩ አሉ። በ1985 ንጋናምፓ የሚባለው የአቦርጂናሎች ጤና ምክር ቤት ኃላፊ የነበሩት ያሚ ሌስተር፣ ዐይናቸውን ያጡ፣ አናንጉ ከሚባሉት የበረሃው አቦርጂናሎች የሆኑ አባት፣ አንድ አርክቴክት፣ አንድ ሐኪምና አንድ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ጠርተው ሰው መታመም እንዲያቆም ምን ይደረግ አሏቸው። በ1987 ሪፖርቱ ወጣ። ዘጠኝ ነገር በቅደም ተከተል አስቀመጡ። አንደኛው መድኃኒት አይደለም፤ ሰው፣ በተለይ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ መታጠብ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ልብስና አንሶላ ማጠብ፣ ሦስተኛው ቆሻሻ ውሃ ከቤት መውጣቱ። አርክቴክቱ ፖል ፎሌሮስ በኋላ በመላ አውስትራሊያ በሺዎች የሚቆጠሩ የአቦርጂናል ቤቶችን ባልደረቦቻቸው እየፈተሹ ያገኙትን ሲናገሩ፣ ሻወሩ የሚሠራው 35 ከመቶ፣ ሽንት ቤቱ የሚሠራው 58 ከመቶ ብቻ ነበር ብለዋል። ለምን ተበላሸ? 70 ከመቶው ጥገና ስላልተደረገለት፣ 21 ከመቶው ከመጀመሪያው በደንብ ስላልተሠራ። ነዋሪው ያበላሸው 9 ከመቶ ነው።

ይህችን ዘጠኝ ከመቶ ያዢያት። የእኛ ሰው ቡና ላይ «እነሱ እኮ የተሰጣቸውን ቤት ያፈርሳሉ» ሲል ትሰሚያለሽ። እኔም ከመሄዴ በፊት ብያለሁ። ፈረንጅ ስለ እኛ የሚለውን ሰምተን የምንቃጠል ሰዎች፣ ስለ ሌላው ያንኑ ስንል አይሰማንም።

ስለዚህ ከሁለተኛው ምልልስ በኋላ ቤቱን ጠይቂ። እንደ ፖሊስ አይደለም። «ካፒው እንዴት ነው?» ብለሽ ጀምሪ፤ ካፒ በሉሪቻ፣ ከአካባቢው ቋንቋዎች በአንዱ፣ ውሃ ነው፣ ቃሏን ስትሰማ ትስቃለች፣ ከዚያ ታወራሻለች። ቧንቧው ይፈሳል? ገንዳው ውሃ ይይዛል? ፍሳሹ ይሄዳል? ሙቅ ውሃ አለ? ሽንት ቤቱ ይሠራል? ልብስ ማጠቢያ ማሽኑስ? የተበላሸውን በስልክ አሳውቂና የጥሪውን ቁጥር ልጁ ፋይል ውስጥ ጻፊ፣ ከክብደቱ ሥር። የእኔዋ ልጅ ቤት ሽንት ቤት ሲጠገን አምስት ሳምንት ፈጀ። በየሰኞው ደወልኩ። በየሰኞው «ተመዝግቧል» አሉኝ። አራተኛው ሰኞ ላይ የልጅቷን ሦስት ምርመራ ቀን፣ ስሟን ሳልጠቅስ፣ በደብዳቤ ጽፌ በክሊኒኩ ኃላፊ አስፈርሜ ላክሁ። በሳምንቱ ቧንቧ ሠሪ መጣ። ነርስ ስትደውል ቅሬታ ነው፤ የታመመ ልጅ በወረቀት ሲሆን ግን ይነበባል።

እስከዚያ ምን ይደረግ ትዪኛለሽ። ፕላስቲክ መታጠቢያ፣ ሳሙና፣ ውታፍ። ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ እጅ፣ ከምግብ በፊት እጅ፣ የልጁም እጅ። ሳሙናው ቧንቧው አጠገብ ካልሆነ የለም ማለት ነው። ይህን ትምህርት አንቺ አትስጪው፤ ጤና ባለሙያዋና አያቶቹ በራሳቸው ቋንቋ ይስጡት። አንቺ ሳሙናውን ተሸከሚ።

ሲወጡ ለእናትየዋ ስንት ምልክት ትነግሪያት ይሆን? አሥር ከነገርሻት አንዱንም አትይዝም። እኔ አራት እላለሁ፦ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተኛበት አልነቃ ካለ፣ ከተልፈሰፈሰ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ለሊትም ቢሆን በሩን አንኳኪ። በማግስቱ ግን እሷን አትጠብቂ፤ አንቺ ሂጂ፣ ሚዛኑን ይዘሽ። ተቅማጡ ካቆመ በሳምንቱ ደግመሽ መዝኚው። የጠፋው ካልተመለሰ፣ ገና አልተላቀቃችሁም።

ሻንጣሽ ውስጥ የ5 ሚሊ ሲሪንጅ አትያዢ፣ ክሊኒኩ ሞልቶታል። ማርከር ያዢ። ባኒንግስ ከሚባለው የቤት ዕቃ መጠገኛ መደብር ጥቂት የገንዳ ውታፍ ግዢ፣ በየመጠኑ፣ ርካሽ ነው። እኔ ባለፈው ስድስት ይዤ ሄጄ በሁለተኛው ሳምንት አልቆብኛል።